የኣዜብ ገመድ

ሐሙስ ጠዋት የውኃ ማፍያዋ ገና መንሿሿት ስትጀምር ዝም አለች። ጣሪያው ሥር ያለችው አምፖል ጠፋች። እግሯ ሥር የነበረችው ማሞቂያም ቀይ ፊቷን ቀስ በቀስ አጠቆረች።

«መብራት ሄደ» አለች አልጋነሽ ለራሷ፤ ነጠላዋን በሹራቧ ላይ ደርባም ተቀመጠች።

መብራት ሲሄድ ሰው ምን ያደርጋል? ይጠብቃል። ባደገችበት በጉለሌው ግቢ መብራት በፈቀደው ጊዜ ይሄዳል፣ በፈቀደው ጊዜ ይመጣል፤ የት ነበርክ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ሮም ሠላሳ ሁለት ዓመት ስትኖር ብዙ ልማዷ ተለውጧል፤ ይቺ አንዷ ግን አልለቀቀቻትም። እናም ለብ ያለውን ውኃ ብርጭቆ ላይ ቀድታ፣ የሻይ ቅጠሉ እስኪፈታ በማንኪያ እያማሰለች፣ የሚመጣውን መብራት ስትጠብቅ ከውጭ ጩኸት ሰማች።

«ማን ነው ደግሞ ሳልቫቪታውን የጣለው?»

ሲኞር ኦታቪዮ ነው፤ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ፣ የቅርብ ጎረቤቷ። በነጠላ ጫማና በጃንጥላ ከዝናቡ መሀል ቆሟል። ሳልቫቪታ ማለት ሕይወት አዳኝ ማለት ነው፤ እኛ አገር ብሬከር የሚሏትን፣ ኤሌክትሪክ መንገዱን ሲስት ተስፈንጥራ የምትወርደውን ማጥፊያ ጣሊያኖች እንደዚያ ይሏታል። በዚህ ካምፒንግ፣ የመኪና ቤቶች በሚቆሙበት ሜዳ፣ ደግሞ አንድ የመብራት ምሰሶ ለአራት ካምፐር ስለሚያበላ፣ የአንዱ ጥፋት አራቱንም ያጨልማል።

ኦታቪዮ ማጥፊያዋን ወደ ላይ ገፋት፤ ወደቀች። የራሱን ገመድ ነቅሎ ገፋት፤ ወደቀች። የሁለቱን ጎረቤቶች ገመድ ነቀለ፤ ወደቀች። አራተኛውን ሲነቅል ጸንታ ቀረች። ቀና ብሎም ወደ አልጋነሽ መስኮት አየ።

አልጋነሽ መጋረጃዋን ለቀቀች። ራሷ የጠለፈችው ነጭ መጋረጃ ነው፤ ዳር ዳሩን ትንንሽ የወይን ዘለላ አለው። ከኋላው ተደብቃ ትንፋሿን ዋጠች፤ እንደ ሌባ።

«ሲኞራ አልጋ!» በሩን በጣቱ መታ። ጣሊያኖቹ ስሟን እንዲህ ያሳጥሩታል፤ በነሱ ቋንቋ የባሕር ሣር ማለት ነው አሉ። በኛ ምን ማለት እንደሆነ ነግራቸው አታውቅም። «ያንቺው ነው። ነቅዬብሻለሁ፣ አትቀየሚኝ። የካምፒንጉ ኤሌክትሪሺያን ማክሰኞ ነው የሚመጣው።»

«ይቅርታ» አለች በሩን ሳትከፍት። «ይቅርታ፣ ይቅርታ።»

ኅዳር ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ አምስት ቀን ነው። ያን ሌሊት ሁለት ሹራብ፣ ሦስት ካልሲ ለብሳ ተኛች፤ ጠዋት ስትነሳ ግን ጣቶቿ መርፌ የማይይዙ ሆነው ነበር። የምታውቀው ኤሌክትሪሺያን አንድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ዘመንፈስቅዱስ። እሱን መጥራት ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸገችውን ነገር መግለጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልጋነሽ ፒኜቶ በሚባል የሮም ሰፈር ሲኞራ ሊዲያ የሚባሉ አሮጊት ዘንድ ባዳንቴ፣ አስታማሚ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ አጥባ፣ አብልታ፣ አስታማ። ሲኞራ ሲያርፉ ልጃቸው ቤቱን ሸጠው። ለእሷ የአባቱን አሮጌ ካምፐር ሰጣት፤ አልጋም ምድጃም እጅ መታጠቢያም አንድ ላይ የታጨቁበትን የመንገደኛ መኪና። ለጊዜው ነው ብላ ገባች። የሚቀጥለው ወር ክፍል አገኛለሁ አለች፤ የሚቀጥለው ወር ሌላ የሚቀጥለው ወር ወለደ። ስልሳ ስምንት ዓመት ለሞላት ሴት ማን ያከራያል?

ለሰው ብትናገር ምን ነበረበት? ሌላ ሰው ቢሆን ይናገር ነበር። አልጋነሽ ግን በሀበሻው ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ለሌላው ቤት ፈላጊ እሷ ነበረች። አዲስ የመጣ ልጅ ሲኖር፣ «እትዬ አልጋነሽ ጋ ሂድ፣ መላ አታጣም» ይባላል። መላ የማታጣዋ ሴት አሁን ቤቴ በጎማ ላይ ነው ትበል?

ስለዚህ ዋሸች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የክርስትና ልጇ ሔራን በመኪናዋ እስከ ፒኜቶ ታደርሳታለች። አልጋነሽ ድሮ ትኖርበት ከነበረው ሕንፃ በር ላይ ቆማ፣ ቁልፉ ከተለወጠ የቆየውን የድሮ ቁልፏን ከቦርሳዋ እያወጣች፣ «ሂጂ ልጄ፣ ይመሽብሻል» ትላለች። መኪናዋ ማዕዘኑን ስትታጠፍ ቁልፉን መልሳ ትከታለች። ከዚያ በሜትሮ፣ ከሜትሮ በሌላ ሜትሮ፣ ከፍላሚኒዮ ደግሞ በባቡር፣ ሰዓት ተኩል ተጉዛ ከተማው ዳር ወደምትገኘው ካምፐሯ ትመለሳለች።

ዓርብ ጠዋት የምትለውን በልቧ ሦስት ጊዜ ከደገመች በኋላ ለዘመንፈስቅዱስ ደወለች።

«አቤት እትዬ አልጋነሽ! ምነው፣ በደህና?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ ላይ ነህ እንዴ? ልዝጋው?»

«ኧረ አይዝጉት! ሰመረትን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ላደርሳት ነው። ስልኩ ጮክ ብሎ ነው የሚሰማው፣ እንዳያሙን ብዬ ነው የምነግርዎት።»

«እኔም አለሁ እትዬ!» አለች ሚስቱ ሰመረት፤ ልቧ ሩኅሩኅ፣ አፏ ግን በር የሌለው ሴት ናት።

አልጋነሽ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። ኣዜብ የምትባል። አታውቋትም። ልጅ እግር ናት። ካምፐር ውስጥ ነው የምትኖረው፤ መብራት እምቢ አላት።»

«ካምፐር ውስጥ? በዚህ ዝናብ? ሀበሻ ናት?» ሰመረት ናት።

«ሀበሻ ናት።»

«ወይ ጉድ! ሰው የላትም? ለምን ለቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር አልነገረችም?»

«አፍራ ነው» አለች አልጋነሽ። ከአፏ አመለጣት። ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር።

«ሞኝ ናት! ማፈር በዚህ ነው? ብርድ ልብስ አላት?»

«አንቺ ሴት፣ ደርሰሻል፣ ውረጂ» አለ ዘመንፈስቅዱስ። «ከብርድ ልብሱ በፊት መብራቱን ላምጣላት።»

«ብርድ ልብስ ይመጣልሻል በሏት እትዬ! ቻው ቻው!» የመኪናው በር ተዘጋ።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለ ዘመንፈስቅዱስ፣ አሁን በሥራ ድምፁ። «ልጅቷ አጠገብዎት ናት?»

«አለች… ውጭ ናት። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እነግራታለሁ።» አልጋነሽ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ ምሰሶው ሥር ብቻዋን ቆማ ነበር።

«መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ታጥፋ። ምን ምን አላት?»

«ማሞቂያ፤ ትንሽ ናት፣ ሁለት ዘንግ ያላት፣ አንዷ ዘንግ አትሠራም። ፍሪጅ። የውኃ ማፍያ፣ ክዳኗ የላላ። ራስጌ አንድ አምፖል፣ ጣሪያው ሥር አንድ። ሬዲዮ።»

«ክዳኗ የላላ!» ሳቀ። «ቤቷን በደንብ ነው የሚያውቁት።»

«እየሄድኩ እጠይቃታለሁኮ» አለች፤ ጆሮዋ ጋለ። ስልኩን በመዳፏ ከድና ወደ ባዶው ዝናብ፣ «ኣዜብ! ሁሉንም አጥፊ አለሽ!» ብላ ጮኸች። ኦታቪዮ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አያት። በዓይኗ ይቅርታ ጠየቀችው።

«ሁለተኛ፣ ገመዱ ከምሰሶው ተነቅሏል? ውኃ ባለበት ቦታ ሳይነቀል ምንም እንዳትነካ።»

«ተነቅሏል።»

«ቫ ቤኔ፣ ደህና። አሁን ካምፐሩ ጎን ላይ የተሰካውን ጫፍ ትንቀለው። ከዚያ የምሰሶውን ብቻ ትሰካና ማጥፊያዋን ወደ ላይ ትግፋ። ብትወድቅ ንገሩኝ።»

አልጋነሽ ጭቃውን በጫማዋ እየመረጠች ሄዳ ነቀለች፤ ተመልሳ ሰካች፤ ገፋች። ጠቅ! ወደቀች። የሦስቱም ጎረቤቶች መስኮት ጨለመ።

«ሲኞራ!» ኦታቪዮ አገሳ።

«ማነው የሚቆጣው?»

«ጎረቤት ነው… የኣዜብ ጎረቤት። ወደቀች።»

«ደግ ነው! ካምፐሩ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ካምፐሩ ሳይያያዝ ከወደቀች ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነው፤ ቀላሉ ነው የደረሳት። መልሳ ትንቀለውና ለሰውየው መብራቱን ትመልስለት። ገመዱ አንድ ወጥ ነው?»

«ሁለት ነው። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። መሀል ላይ ተጋጥሟል።»

«መጋጠሚያው መሬት ላይ ነው የተኛው?»

«መሬት ላይ ነው፤ ግን አልብሳዋለች» አለች አልጋነሽ። እዚህ ላይ ግን መኩራቷ አልቀረም፤ በሥራዋ ታምናለቻ። «ዝናቡ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላዋለች። ሦስት ፌስታል ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ ጆሮውን ወደ ውስጥ ሸጉጣ፣ በላዩ በላስቲክ አስራዋለች። ጠብታ አይገባውም።»

ከዘመንፈስቅዱስ በኩል የመኪናው መጥረጊያ ብቻ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል። አልጋነሽ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት «አለህ?» አለች።

«አለሁ» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እሺ። ከምሰሶው መነቀሉን ዳግመኛ ይዩልኝ። ከዚያ ፌስታሉን ቀስ ብለው ይፍቱት።»

«ማን? እኔ?»

«ኧረ እሳቸው። ወይዘሮ ኣዜብ። መጀመሪያ እጃቸውን ያድርቁ፤ የሚያጣድፋቸው ነገር የለም።»

እሳቸው። አልጋነሽ ስልኩ በእጇ ላይ ከበዳት። እስካሁን «ትንቀል፣ ትግፋ» ሲላት የነበረችው ልጅ እግር በአንድ ጊዜ ወይዘሮ ሆነች። ወዲያው ትዝ አላት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ይህ ሰው አዲስ መጥቶ ተርሚኒ አካባቢ መንገድ ላይ ሲያድር፣ እሑድ እሑድ ምግብ ታደርስለት ነበር፤ በሦስት ፌስታል፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ጆሮው ተሸጉጦ፣ በላስቲክ ታስሮ። «እትዬ፣ ይቺን ለመፍታትኮ ዲፕሎማ ያስፈልጋል» ይላት ነበር፤ እየራበው እየሳቀ።

ፊቷ ከዚያ ሁሉ ብርድ መሀል ነደደ። ስልኩን ዘግታ ካምፐሯ ውስጥ ገብታ መቀርቀር አማራት። ግን እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይጠብቃል። ደግሞስ ብትዘጋው ምን ልትሆን? ቋጠሮውን ፈታች።

«ውኃ አለው» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሞልቷል። ከየት ገባ? ምንም ቀዳዳ የለውምኮ።»

«ከውጭ አልገባም። ፌስታል አያስገባም፣ ግን አያስወጣምም። መተንፈሻ ካጣ ውስጥ ለውስጥ ያልበዋል። ያ ላብ ነው ሳልቫቪታዋን የሚጥላት። ጫፎቹ ጠቁረዋል?»

«ረጅሙ አልጠቆረም፣ እርጥብ ነው ብቻ። አጭሩ ግን ተሰንጥቋል።»

«አጭሩን ይጣሉት፣ አይዘኑለት። ረጅሙ ስንት ሜትር ይላል?»

«ሃያ አምስት። ግን አይደርስም፤ ተጠቅልሎ ነው ያለው። የ… የባለቤትየዋ ባል ነው የጠቀለለው፣ የድሮው። አራት ቦታ በጫማ ማሰሪያ አስሮት። እንዳይበላሽ ብላ አልፈታችውም።»

በእርግጥም ከካምፐሩ ሥር፣ በካርቶን ላይ፣ እንደ ሙዳይ ክዳን ተስተካክሎ ተቀምጧል። የሟቹ የሲኞራ ሊዲያ ባል እጅ ያሰረውን መፍታት ድፍረት መስሎ ታይቷት ነበር።

«እትዬ» አለ ዘመንፈስቅዱስ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ «ለወይዘሮ ኣዜብ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። የተጠቀለለ ገመድ ማሞቂያ ሲሸከም ይግላል፤ ብዙ ሲቆይ ይቀልጣል። ሥርዓት ያለው ይመስላል እንጂ አደጋ ነው። እስከ መጨረሻው ይፍቱትና መሬት ላይ ይዘርጉት። ማንም ቢያየው ግድ የለም፤ ደርሶ ይተርፋል። ጫፉን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ መጀመሪያ ካምፐሩ ላይ፣ ከዚያ ምሰሶው ላይ ይሰኩ።»

«እነግራታለሁ» አለች፤ ከዚያም ቃሏን አርማ፣ «እነግራቸዋለሁ።»

«መጥቼ ልየው? ቦታው የት ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ቫ ቤኔ። እሳቸው ሲፈልጉ ይደውሉልኝ።»

ከሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ። ማፍያዋ ፉጨቷን ስትለቅ ኦታቪዮ በመስኮት «ብራቫ!» አላት። አልጋነሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። መብራቱ ሲመጣ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን አምፖሏ ሥር ተቀምጣ እጆቿን አየች፤ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ የተበላሸውን ነገር አየች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰመረት አንድ ትልቅ ጆንያ እየጎተተች ወደሷ መጣች። ሴቶቹ ከበዋታል።

«እትዬ! ይኸው የኣዜብ! ሁለት ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ካልሲ፣ አንድ ካፖርት፣ ያላየነውም አለበት። ሁሉም አዋጥቷል!»

«ምስኪን» አለች አንዷ። «በዚህ ዕድሜዋ ካምፐር ውስጥ! እናቷ ብትሰማ ምን ትል?»

«እኔስ ብሆን በሕይወት የምኖር አይመስለኝም» አለች ሌላዋ። «የሰው ዓይን እንዴት ይቻላል?»

አልጋነሽ ጆንያውን አቀፈችው። ሽታው የሳሙና ነው፤ አጥበው፣ ተኩሰው ነው ያመጡት። ከጆንያው በላይ ዘመንፈስቅዱስን አየችው፤ መሬት መሬት ያያል።

«ለእሳቸው ይደርሳል» አለ ቀስ ብሎ።

«እሳቸው?» ሰመረት ዞረች። «ልጅ እግር ናት አላሉም እንዴ እትዬ?»

«እኔ ደንበኞቼን ሁሉ እሳቸው ነው የምለው» አለ። «አንቺንም እንዳልጀምርሽ።» ሴቶቹ ሳቁ። አልጋነሽም ከሳቁ ጋር ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗን ማንሳት ግን አልቻለችም። ይህ ሰው ለእሷ ሲል ሚስቱ ፊት ዋሸ። ለራሷ ውሸት ሁለት ዓመት ስታፍር ኖራለች፤ ሌላውን በማስዋሸቷ ያፈረችው ከሁሉ ባሰ።

ሔራን ጆንያውን ከኋላ ጭና ፒኜቶ ድረስ ነዳች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ፋርማቺያ ውስጥ ትሠራለች፣ መኪና ስትነዳ ታንጎራጉራለች። በሩ ጋ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋች።

«ይሄን ብቻዎን አያወጡትም። ልያዝልዎት፤ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«ተዪው ልጄ፣ እዚሁ አድርጊው።»

«ማ ስኩዚ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ከኔ ይከብዳል!» ጆንያውን ትከሻዋ ላይ አውጥታ በሩ ጋ ደርሳለች። የደወሎቹን ስም ታነባለች፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ከታች እስከ ላይ። «የሲኞራ ሊዲያ የቱ ነው? የለም እኮ።»

አልጋነሽ የድሮውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ነበር። አየችው። መልሳ አልከተተችውም፤ ቁልፉም የትም አይገባም።

«ሔራንዬ» አለች። «ነይ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ። ኣዜብ የምትባል የለችም። እኔ ነኝ።»

ሔራን ጆንያውን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ሲገባት ፊቷ ላይ ሲያልፍ አልጋነሽ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ… በየእሑዱ… እኔ የሰው በር ላይ ነው ጥዬዎት የምሄደው? ያን ዕለት በረዶ ሲጥልም?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ምንድን ነኝ እትዬ? ባዳ ነኝ?»

አልጋነሽ ስለ ራሷ ማፈር ብቻ ነበር የምታውቀው። ይቺን ልጅ ምን እያደረገቻት እንደነበር አስባው አታውቅም። «ይቅር በይኝ» አለች። ለኦታቪዮ በበሩ ኋላ የደረደረችው ዓይነት ይቅርታ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው፣ ዓይኗን እያየች።

ሔራን ጆንያውን መልሳ ከኋላ ጫነች። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«በየት በኩል ነው?»

«እንጃ» አለች አልጋነሽ። «በባቡር ነው የማውቀው።»

ሔራን ስልኳን አውጥታ ካርታ ከፈተች። መንገዱን ሙሉ አላንጎራጎረችም። ካምፒንጉ ሲደርሱ አልጋነሽ ቀድማ ወረደች፤ የልጅቷ ዓይን የት የት እንደሚያርፍ ማየት ፈርታ፣ ፊት ፊቷን ሄደች። ሰማያዊው ገመድ ከምሰሶው እስከ ካምፐሩ ድረስ ሣሩ ላይ እንደ እባብ ተጋድሟል፤ ለመጣም ለሄደም ይታያል። ወትሮ ብትሆን ሰው ሳያይ ትሰበስበው ነበር።

«ገመዱ እንዳያደናቅፍሽ» አለች ሳትዞር። «ተዘርግቶ ነው መዋል ያለበት።»

ሔራን ጆንያውን እንዳቀፈች እግሯን አንስታ ተሻገረችው።